የእንቅስቃሴ ሴንሰርን ከቤት መብራት ጋር ማቀናጀት፦ ከምርጫ እስከ ሙከራ

መብራት ሰው ሲገባ በራሱ እንዲበራ ማድረግ ብዙ ሙያ አይጠይቅም፤ ከባዱ ሥራ በተገቢው ጊዜ እንዲጠፋ ማድረግ ነው። ክፍሉ ባዶ ከሆነ በኋላ ለሰዓታት ሲበራ የሚቆይ መብራት ሴንሰር የመግጠሙን ጥቅም ያሳጣል፤ ሰው ውስጥ እያለ የሚጠፋ መብራት ግን ከዚያም የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ቤተሰቡ አንድ ሁለት ጊዜ ጨለማ ውስጥ ከቀረ በኋላ ሴንሰሩን አስነቅሎ ወደ ቀድሞው ማብሪያ ማጥፊያ ይመለሳል። ስለዚህ ይህ መመሪያ ሴንሰር ከመምረጥ አንሥቶ የተጫነውን ትእዛዝ እስከ መፈተሽ ያለውን ሥራ በቅደም ተከተል ሲያስረዳ፣ ረዘም ያለውን ቦታ የሚሰጠው ለማጥፊያው ጉዳይ ነው። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው አዲስ አበባ ውስጥ ያለን ኮንዶሚኒየም ወይም ግቢ ያለውን ቤት የሚመለከቱ ናቸው። ኤሌክትሪኩ 220 ቮልት የሆነበት፣ መብራትም ኢንተርኔትም አልፎ አልፎ የሚቋረጥበት ቤት ለሌላ አገር በተጻፈ መመሪያ የማይመለሱ የራሱ ጥያቄዎች አሉትና።

የመጀመሪያውን ቦታ መምረጥ

ቤቱን በሙሉ በአንድ ጊዜ ለማቀናጀት መነሣት አይመከርም። ሰው የሚያልፍባቸው ነገር ግን ተቀምጦ የማይቆይባቸው ቦታዎች፣ ማለትም ኮሪደር፣ ደረጃ፣ የዕቃ ክፍልና የግቢ መግቢያ ለጀማሪ ከሁሉ ይቀላሉ። መጸዳጃ ቤትና ወጥ ቤት ቀጥለው ይመጣሉ። ሳሎንና መኝታ ቤት፣ ሰው ሳይንቀሳቀስ ረጅም ጊዜ የሚቆይባቸው ስለሆኑ፣ በመጨረሻ ቢሠሩ ይሻላል።

ከዚህ ጋር አብሮ ስለ ኤሌክትሪክ ቁጠባ በሐቅ መነጋገር ያስፈልጋል። 9 ዋት የሆነ የመጸዳጃ ቤት አምፖል በቀን በድምሩ አንድ ሰዓት ቢበራ 9 ዋት ሰዓት ይፈጃል። ስማርት አምፖል፣ ማለትም ከስልክ ወይም ከሴንሰር ያለ ሽቦ ትእዛዝ የሚቀበል አምፖል፣ ግን ጠፍቶም ቢሆን ትእዛዝ ለመቀበል ነቅቶ ስለሚጠብቅ፣ ግማሽ ዋት ቢወስድ እንኳ በቀሪዎቹ 23 ሰዓታት 11.5 ዋት ሰዓት ይበላል። ስለዚህ ቤት ውስጥ የሚገኘው ጥቅም በዋናነት ምቾትና ደኅንነት እንጂ የቆጣሪ ሒሳብ አይደለም። ሒሳቡ የሚለወጠው ውጭ ነው፦ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የሚበራ ባለ 20 ዋት የግቢ መብራት በወር 7.2 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ በሴንሰር ተይዞ በሌሊት በድምሩ አንድ ሰዓት ብቻ ቢበራ፣ ግማሽ ዋት የሚወስደው ሴንሰር የራሱ ፍጆታ ተጨምሮበት እንኳ፣ ወርኃዊው ፍጆታ ከ1 ኪሎዋት ሰዓት አያልፍም። ዓላማዎ ቁጠባ ከሆነ ከግቢው ይጀምሩ።

ሴንሰሩ የሚያየውንና የማያየውን ማወቅ

በገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ሴንሰር የሚሠራው በሙቀት ነው። ከሰው አካል የሚወጣውን፣ በዐይን የማይታየውን የኢንፍራሬድ ጨረር ይቀበላል። ፊቱ ላይ ያለው ነጭ ፕላስቲክ ቀረብ ብለው ቢያዩት ብዙ ትናንሽ ክፍልፋዮች አሉት፤ እያንዳንዱ ክፍልፋይ ሌንስ ሲሆን፣ ክፍሉን እንደ ማራገቢያ እጥፋት በተዘረጉ ብዙ የእይታ መስመሮች ይከፋፍለዋል። ሞቃት አካል ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ሲሻገር ሴንሰሩ የሙቀት ለውጥ ያነባል፤ «እንቅስቃሴ አለ» የሚለውም ያን ጊዜ ነው።

ከዚህ አሠራር ብዙ ነገር ይከተላል። በሴንሰሩ ፊት አቋርጦ የሚያልፍ ሰው ወዲያው ይታያል፤ ቀጥ ብሎ ወደ ሴንሰሩ የሚመጣ ሰው ግን መስመር ስለማይሻገር ዘግይቶ ይታያል። ሳይንቀሳቀስ የተቀመጠ ሰው ጭራሽ አይታይም። ተራ መስታወት ይህን ጨረር ስለማያሳልፍ፣ ከመስኮት ወይም ከመታጠቢያ ቤት የመስታወት ከለላ ጀርባ ያለ ሰው ለሴንሰሩ የለም ማለት ነው። የአካባቢው ሙቀት ወደ ሰው የሰውነት ሙቀት ሲጠጋ ደግሞ ሰውየው ከግድግዳው ስለማይለይ የሴንሰሩ ብቃት ይወርዳል፤ በድሬዳዋና በሰመራ ሙቀት ይህ በእርግጥ የሚያጋጥም ችግር ሲሆን፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ግን ቀዝቃዛው ሌሊት ለሴንሰሩ ይመቸዋል። ወጥ ቤት ውስጥም ሴንሰሩ ምጣዱን ፊት ለፊት የሚያይ ከሆነ፣ አከንባሎው በተነሣ ቁጥር ቦግ ብሎ የሚወጣውን እንፋሎት ሰው ነው ብሎ ሊቆጥረው ይችላል።

ሁለተኛው ዓይነት በራዳር የሚሠራው፣ የሰው መኖርን የሚለይ ሴንሰር ነው። በአብዛኛው በ24 ወይም በ60 ጊጋኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ ስለሚሠራ በትንፋሽ ምክንያት ደረት ከፍ ዝቅ ሲል እንኳ ያነባል፤ ሶፋ ላይ ተቀምጦ የሚያነብን ሰው አይረሳም። ነገር ግን ሞገዱ መጋረጃንና ጂብሰም ቦርድን አልፎ ስለሚሄድ በሚቀጥለው ክፍል ያለን ሰው ሊቆጥር፣ የሚሽከረከር ማራገቢያንም እንደ ሰው ሊወስድ ይችላል፤ ብዙዎቹም በባትሪ ሳይሆን በዩኤስቢ ገመድ ቋሚ ኃይል የሚፈልጉ ናቸው። በእኔ እምነት ለሳሎን የሚሻለው ሁለቱን ማጣመር ነው፦ ፈጣኑ የሙቀት ሴንሰር ያብራ፤ ራዳሩ ደግሞ ሰው እስካለ ድረስ መብራቱን ይዞ ያቆይ።

ዕቃውን መግዛት

ለግቢና ለጋራ ደረጃ በሽቦ በቀጥታ ከመብራቱ ጋር የሚያያዘውን፣ ያለ ስልክና ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን ተራ ሴንሰር ይምረጡ። ርካሽ ነው፤ የሚስተካከለውም በሥሩ ባሉት ትናንሽ መዘውሮች ነው። የብርሃን መጠንን፣ የምሽትና የሌሊት ልዩነትን፣ ከአንድ በላይ ክፍሎችን አገናኝቶ ማዘዝ የሚፈለግበት ቦታ ግን ስማርት አምፖል ወይም ስማርት ማብሪያ፣ በባትሪ የሚሠራ ሴንሰርና ሁለቱን የሚያገናኝ ሃብ የሚባል መቆጣጠሪያ ያስፈልጋሉ።

እዚህ ላይ የምሰጠው ምክር አንድ ነው፦ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሥራውን የማያቆም ሥርዓት ይምረጡ። በዋይፋይ የሚሠሩ ብዙ ርካሽ ዕቃዎች የሴንሰሩን መልእክት ባሕር ማዶ ወዳለ ሰርቨር ልከው ትእዛዙን ከዚያ ስለሚጠብቁ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ መብራቱም አብሮ ይደነዝዛል። ዚግቢ በተባለው፣ ኢንተርኔት በማይጠይቀው የአጭር ርቀት የሬዲዮ ግንኙነት የሚሠሩ ሴንሰሮችና ትእዛዙን እዚያው ቤት ውስጥ የሚፈጽም ሃብ፣ ለምሳሌ የፊሊፕስ ሂዩ ብሪጅ ወይም ሆም አሲስታንት የተባለው ነፃ ሶፍትዌር የተጫነበት አነስተኛ ኮምፒውተር፣ ይህ ችግር የለባቸውም። በ2022 የወጣው ማተር የተባለ የጋራ መስፈርትም የተለያዩ አምራቾች ዕቃዎች ቤት ውስጥ በቀጥታ እንዲነጋገሩ የሚያደርግ ስለሆነ፣ ምልክቱ ያለበትን መግዛት ኋላ ላይ ምርጫ ያሰፋል።

ከውጭ አገር በዘመድ ሻንጣ ዕቃ የሚመጣላችሁ ከሆነ ከመላኩ በፊት ቮልቴጁ ይነበብ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ አምፖል በአብዛኛው 120 ቮልት የተጻፈበት ነው፤ ጥርሱ እዚህ ካለው የአምፖል መያዣ ጋር ስለሚገጥም ያለ ምንም ችግር ይጠልቃል፣ በ220 ቮልት ሲበራ ግን ይቃጠላል። ከአውሮፓ፣ ከእስራኤል ወይም ከዱባይ የሚመጣው ግን ለ220–240 ቮልት የተሠራ ስለሆነ ያስኬዳል። በባትሪ የሚሠራ ሴንሰር ከየትም ቢመጣ የቮልቴጅ ጉዳይ የለበትም፤ ዚግቢም በመላው ዓለም በ2.4 ጊጋኸርዝ ይሠራል። ዜድ ዌቭ የተባለው ሌላው የግንኙነት ዓይነት ግን በአሜሪካና በአውሮፓ የተለያየ ሞገድ ስለሚጠቀም፣ ከአሜሪካ የመጣ ሴንሰር ከአውሮፓ ሃብ ጋር አይነጋገርም።

የሚቀመጥበትን ቦታ መወሰን

ግድግዳ ላይ የሚገጠም ሴንሰር ከወለሉ ከ2 እስከ 2.5 ሜትር ከፍታ ላይ ሲሆን በደንብ ይሠራል። ከመትከልዎ በፊት ግን በፕላስተር ለጊዜው ለጥፈው ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ይዩት፤ ግድግዳ ከተበሳ በኋላ ሐሳብ መለወጥ ያስቸግራልና።

ኮሪደር ላይ ሰዎች የሚሳሳቱት ሴንሰሩን ከኮሪደሩ ጫፍ ላይ ሰቅለው ወደ ርዝመቱ በማዞር ነው፤ ሰው ቀጥታ ወደ እርሱ ስለሚመጣ አጋማሹን በጨለማ ይሄዳል። በጎን ግድግዳ ላይ ከበሩ አጠገብ፣ ወይም ኮርኒሱ መካከል ላይ ቢሆን፣ የገባው ሰው በመጀመሪያው እርምጃው መስመሩን ያቋርጣል። ደረጃ ላይ አንዱን ከታች፣ አንዱን ከላይ አድርገው ሁለቱም አንድ መብራት እንዲያዝዙ ያድርጉ፤ ሰው ደረጃው መካከል ሲደርስ ሴንሰሮቹ ባያዩት እንኳ የማቆያ ጊዜው፣ ማለትም እንቅስቃሴ ከቆመ በኋላ መብራቱ በርቶ የሚቆይበት ጊዜ፣ ሊያሻግረው ይገባል። ለአረጋውያን መኝታ ቤት ደግሞ ሴንሰሩ ከአልጋው ጎን፣ ወደ ወለል ቅርብ ሆኖ ቢቀመጥ፣ እግራቸውን ከአልጋ ሲያወርዱ ይበራል፤ አልጋ ላይ ሲገላበጡ ግን አይበራም።

ሴንሰሩ ከተከፈተ በር አሻግሮ ሳሎኑን የሚያይ ከሆነ፣ ቡና የሚያቀራርበው ሰው በተነሣ በተቀመጠ ቁጥር የኮሪደሩ መብራት ይበራል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በሌንሱ ላይ ወደ በሩ የሚያየውን ጎን በቀጭን የኤሌክትሪክ ፕላስተር መሸፈን። ፕላስተሩን በጥቂት ሚሊሜትር እያሰፉ፣ በየጊዜው ሌላ ሰው ሳሎኑ ውስጥ እንዲራመድ እያደረጉ፣ የሴንሰሩ ትንሽ ጠቋሚ መብራት ብልጭ ማለት የሚያቆምበትን ልክ ያግኙ።

ግቢ ውስጥ ሴንሰሩ ወደ ታች አጎንብሶ የግቢውን መሬት እንጂ የመንገዱን ተላላፊ እንዳያይ ያድርጉ። ፀሐይ ሲመታውና ደመና ሲሸፍነው ቶሎ ቶሎ የሚሞቅና የሚቀዘቅዝ የቆርቆሮ አጥር፣ ነፋስ የሚያወዛውዘው የዛፍ ቅርንጫፍም ያለ ሰው ያስነሡታልና ከእይታው ይውጡ። ዝናብ የሚነካው ቦታ ላይ የሚገጠም ሴንሰር ቢያንስ አይፒ 44 (ዕቃው አቧራና ውኃ የሚከላከልበትን ደረጃ የሚያሳይ ቁጥር ነው)፣ ክረምቱን በሙሉ ዝናብ ፊት ለፊት የሚመታው ከሆነ ደግሞ አይፒ 65 የተጻፈበት ይሁን።

ሽቦውን ማያያዝ

በባትሪ የሚሠራ ሴንሰር ከሆነ ይህን ክፍል ማለፍ ይቻላል። በሽቦ የሚያያዘው ግን ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ቢሰጥ ይመረጣል፤ እርስዎም ሥራውን እያዩ የሚከተለውን ያረጋግጡ። በመጀመሪያ ብሬከሩ ይጥፋ፤ ጠፍቷል ተብሎም አይታመን፣ ሽቦው በቴስተር ይፈተሽ። የሽቦ ቀለም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ በተለይ በየጊዜው ሲጠጋገን በቆየ ቤት ውስጥ። ባለ ሦስት ሽቦው ሴንሰር ፌዝ (ኃይል የሚያመጣው ሽቦ) እና ኒውትራል (የመመለሻው ሽቦ) ይገቡለታል፤ ሦስተኛው ሽቦ ወደ አምፖሉ ይሄዳል። ሽቦዎቹ የት እንደሚያያዙ ከዕቃው ጋር የመጣው ሥዕል ያሳያል፤ የሚሸከመውን ዋት ሲያነቡም ለኤልኢዲ የተጻፈው ቁጥር ከድሮው አምፖል ቁጥር በእጅጉ እንደሚያንስ ያስተውሉ።

ስማርት ማብሪያ ግድግዳው ውስጥ ለመቅበር ካሰቡ፣ በብዙ ቤቶች ወደ ማብሪያው ሳጥን ፌዝ እንጂ ኒውትራል እንዳልወረደ አስቀድመው ይወቁ። ያለ ኒውትራል የሚሠሩ አሉ፤ ነገር ግን አነስተኛ ዋት ካለው ኤልኢዲ ጋር ሲሆኑ አምፖሉ ጠፍቶ ደብዘዝ ብሎ ሊታይ ወይም ሊርገበገብ ስለሚችል፣ አምፖሉ ጋር የሚያያዝ ማካካሻ አብሮ ይገዛ። ስማርት አምፖል ከመረጡ ደግሞ የግድግዳው ማብሪያ ሁልጊዜ እንደበራ መቆየት አለበት፤ አንድ ሰው በልማድ ካጠፋው ሴንሰሩ የሚያዝዘው ነገር አያገኝም።

ትእዛዙን መጻፍ

የማብሪያው ትእዛዝ ሦስት ክፍል አለው፦ ሴንሰሩ እንቅስቃሴ ሲያይ፣ ክፍሉ ጨለማ ከሆነ፣ መብራቱን አብራ። ጨለማነቱን በሰዓት ከመወሰን ይልቅ ሴንሰሩ ውስጥ ባለው የብርሃን መለኪያ መወሰን ይሻላል። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ የምትጠልቅበት ጊዜ ዓመቱን ሙሉ ሲለዋወጥ ልዩነቱ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ስለሆነ ሰዓቱ የሚበቃ ይመስላል፤ ነገር ግን በሐምሌ ደመና ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ኮሪደሩ ሊጨልም ይችላል። መነሻ አድርገው 30 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) አካባቢ ይስጡትና መብራት በእርግጥ በሚፈልጉበት የምሽት ሰዓት ሴንሰሩ የሚያሳየውን ቁጥር አይተው ያስተካክሉት። መዘውር ባለው ሴንሰር ደግሞ የብርሃኑን መዘውር ወደ ጨለማው ጫፍ አዙረው፣ ሲመሽና መብራት የሚያስፈልግበት ድንግዝግዝ ላይ ሲደርስ፣ በፊቱ እየተንቀሳቀሱ ቀስ በቀስ ይመልሱት፤ መብራቱ የበራበት ቦታ ትክክለኛው ነው።

የብርሃን መለኪያው መጠየቅ ያለበት ለማብራት ብቻ ነው። ለማጥፋትም ከተጠየቀ፣ የበራው አምፖል ክፍሉን ስላደመቀው ሴንሰሩ «ብርሃን አለ» ብሎ ያጠፋዋል፤ ሲጨልም መልሶ ያበራዋል፤ መብራቱም ሲበራ ሲጠፋ ያድራል።

ወደ ማጥፊያው እንምጣ። ጊዜው መቆጠር ያለበት መብራቱ ከበራበት ሳይሆን እንቅስቃሴ ለመጨረሻ ጊዜ ከታየበት ቅጽበት ነው። ሆም አሲስታንት ውስጥ ይህ የሚደረገው ትእዛዙ «እንቅስቃሴ ሲታይ አብራ፤ እንቅስቃሴ እስኪቆም ጠብቅ፤ ከዚያ ይህን ያህል ደቂቃ ቆይተህ አጥፋ» ተብሎ ሲጻፍና የአሠራሩ ዓይነት እንደገና ጀምር በሚለው ላይ ሲደረግ ነው፤ አዲስ እንቅስቃሴ በመጣ ቁጥር የቀድሞው ቆጠራ ተሰርዞ ከዜሮ ይጀምራል። ኮሪደር 2 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ደረጃ 3፣ ወጥ ቤት 10፣ መጸዳጃ ቤት 15 ደቂቃ ቢሰጣቸው ጥሩ መነሻ ነው። አንዳንድ በባትሪ የሚሠሩ ሴንሰሮች ባትሪ ለመቆጠብ አንድ ጊዜ እንቅስቃሴ ካሳወቁ በኋላ ለአንድ ደቂቃ ያህል ምንም አያሳውቁም፤ የማቆያ ጊዜው ከዚያ ካነሰ፣ እጅዎን እያወዛወዙ እንኳ መብራቱ ይጠፋብዎታል።

መታጠቢያ ቤት ከሌሎቹ ሁሉ ይከብዳል፤ ሰውየው ከመጋረጃ ወይም ከመስታወት ጀርባ ነውና። ጊዜውን ከማርዘም የተሻለው መንገድ በሩ ላይ ሁለተኛ ሴንሰር መጨመር ነው። በር መከፈትና መዘጋቱን የሚያሳውቅ ርካሽ ማግኔታዊ ሴንሰር ከተገጠመ ትእዛዙ እንዲህ ይሆናል፦ በሩ ተዘግቶ ከዚያ በኋላ ውስጥ እንቅስቃሴ ከታየ፣ በሩ እስኪከፈት ድረስ ሰው አለ፤ መብራቱ አይጥፋ። በሩ ተከፍቶ 2 ደቂቃ እንቅስቃሴ ካልታየ ይጥፋ። በሩ ተዘግቶ ምንም እንቅስቃሴ ካልታየ ግን ሰውየው ወጥቶ ዘግቶታል ማለት ነው፤ መብራቱ ይጥፋ።

አምፖሉ ብርሃን የሚቀንስ ዓይነት ከሆነ፣ በአንድ ጊዜ ከመጥፋቱ በፊት ለ20 ሰከንድ ወደ 30 በመቶ ዝቅ እንዲል ያዝዙት። ውስጥ ያለው ሰው እጁን አንሥቶ መልሶ ለማብራት ጊዜ ያገኛል፤ ደረጃ ላይ ያለ ሰውም በድንገት ጨለማ ውስጥ አይቀርም። ከሌሊቱ 5 ሰዓት በኋላ ደግሞ መብራቱ በ10 በመቶ ብቻ፣ ሞቅ ባለ ቢጫ ቀለም ቢበራ፣ ሌሊት ለመጸዳጃ የተነሣ ሰው እንቅልፉ ሳይበተን ይመለሳል።

ሰዓት ሲሞሉ በእኛ አቆጣጠርና በመተግበሪያው መካከል ያለውን የ6 ሰዓት ልዩነት ያስታውሱ፦ ምሽት 12 ሰዓት 18:00፣ ሌሊት 5 ሰዓት 23:00፣ ንጋት 12 ሰዓት 06:00 ተብሎ ይጻፋል። የሃብዎ የሰዓት ክልልም የአዲስ አበባ ወይም የናይሮቢ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ሁለቱ አንድ ሰዓት ናቸው።

መብራት ሄዶ ሲመጣ

ብዙ ስማርት አምፖሎች ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ ሙሉ ብርሃን ሰጥተው ይበራሉ፤ በውድቅት ሌሊት መብራት ሲመጣ ቤቱ በሙሉ ቦግ ይላል። በእያንዳንዱ አምፖል ማስተካከያ ውስጥ ኃይል ሲመለስ ምን ይሁን የሚል ምርጫ ይፈልጉና «ወደ ነበረበት ይመለስ» ወይም «ጠፍቶ ይቆይ» የሚለውን ይምረጡ። ሃብ ተነሥቶ ሥራ እስኪጀምር ደቂቃዎች ስለሚወስድበት፣ እርሱንና ራውተሩን ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኃይል የሚሰጥ ባለ ባትሪ መሣሪያ) ላይ ማያያዝ አጭር መቆራረጥን ሁሉ ያሳልፋል። ሃብ እንደገና ሲነሣ ቀድሞ ይቆጥር የነበረውን የማጥፊያ ጊዜ ሊረሳ ስለሚችልም፣ «ሃብ ሲነሣ እንቅስቃሴ በሌለበት ክፍል የበራውን አጥፋ» የሚል አንድ ትእዛዝ ይጨመር።

መፈተሽ

ሥራው ካለቀ በኋላ የመጀመሪያው ፈተና የመራመድ ነው፦ በእያንዳንዱ በር በኩል በተለመደው እርምጃ፣ ከዚያም እንደ ሕፃንና እንደ አዛውንት በዝግታ ይግቡና መብራቱ በስንተኛው እርምጃ እንደበራ ያስተውሉ። ቀጥሎ በየክፍሉ ሰው በተለምዶ በሚቀመጥበት ቦታ ሳይንቀሳቀሱ ይቀመጡና ስንት ደቂቃ እንደሚያቆይዎት ይለኩ። መልእክቱ ከዘገየ ሃቡን ከራውተሩ አንድ ሁለት ሜትር ያርቁት፤ ሁለቱም በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ስለሚሠሩ ይረባበሻሉ። ዚግቢ በቋሚ ኃይል የሚሠሩ ዕቃዎችን እንደ መሸጋገሪያ ስለሚጠቀም፣ በሃቡና በሩቁ ሴንሰር መካከል አንድ ስማርት ሶኬት ማድረግም ይረዳል።

የቤቱን ሰዎች፣ የቤት ሠራተኛንም ጨምሮ፣ ሴንሰሮቹ የት እንዳሉ ያሳውቋቸው። ሴንሰሩ ምስል ባይቀርጽም ማን በየትኛው ሰዓት እንደተነሣ የሚያሳይ መዝገብ ሃቡ ውስጥ ይቀመጣል፤ ይህን ሳያውቁ የሚኖሩበት ቤት መሆን የለበትም። መዝገቡ ለጥቂት ቀናት ብቻ እንዲቆይ ማድረግም ይቻላል። በመጀመሪያው ሳምንት መብራት የጠፋበት ሰው ሁሉ ሰዓቱንና ቦታውን እንዲነግርዎ ይጠይቁ፤ የዚያን ክፍል የማቆያ ጊዜ ከመዝገቡ ጋር አስተያይተው በ2 በ3 ደቂቃ ከፍ ያድርጉ። የሴንሰሮቹ ባትሪ ከ20 በመቶ ሲወርድ ስልክዎ ላይ መልእክት እንዲመጣ ያዝዙና፣ ለየሴንሰሩ የሚሆን አንድ አንድ መለወጫ ባትሪ ቤት ያስቀምጡ።